ልጁ ከጎዳና ከተነሣ በኋላ

ወይዘሮ አበበች ጎበና ለግሸን ማርያም ንግሥ ወደ ወሎ የተጓዙበት ጊዜ አካባቢው በረሃብ የተመታበት ነበር። ለስንቅ የያዙትን ዳቦ ለተራቡት ማከፋፈላቸውን፣ የሞተች እናቷን ጡት ስትጠባ ያገኟትን ሕፃን ይዘው አዲስ አበባ መግባታቸውን፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ያስጠጓቸው ልጆች ቁጥር 21 መድረሱን፣ ባለቤታቸው ነገሩን አልቀበልም ቢሉ ትዳራቸውንና ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር መውጣታቸውን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። «እዳዬ» እያለ የሚጠራቸው ሁሉ ይህን ታሪክ በቃሉ ይተርከዋል። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉም በየመገናኛ ብዙኃኑ ተደጋግሞ የተነሣው ይኸው ነበር።

ብዙ የማይወራው ከዚያ ወዲህ ያለው አርባ ዓመት ነው። በ1972 ዓ.ም. የተመሠረተው ድርጅታቸው ልጆችን በግቢ ከማሳደግ አልፎ ትምህርት ቤት ከፍቷል፤ የሙያ ሥልጠና ሰጥቷል፤ ችግረኛ እናቶች የራሳቸው ገቢ እንዲኖራቸው አድርጓል፤ በዘመድ ቤት ያሉ ወላጅ አልባ ልጆችም እዚያው እያሉ እንዲደገፉ ሠርቷል። ይህ ሁሉ በየቀኑ ደብተር መግዛትን፣ የታመመ ልጅ አጠገብ ማደርን፣ ከትምህርት ቤት ዳይሬክተር ጋር መጨቃጨቅን፣ የቀበሌ ወረፋ መጠበቅን ይጠይቃል። ለወሬ የማይመች፣ ፎቶ የማይነሣ ሥራ ነው።

የጎዳና ልጆችን የመርዳት ሥራ ክብደቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ልጅን ከአስፋልት ማንሣት ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ተመልሶ እንዳይወጣ ማድረግ ግን ዓመታት ይወስዳል። የኛ ልግስና፣ የኛ ዘመቻና የኛ ጭብጨባ ግን ለግማሽ ቀኑ ያደላል። ይህ ካልተስተካከለ በየዓመቱ እነዚያኑ ልጆች ደጋግመን ስናነሣ እንኖራለን።

የልጆቹ ቁጥር ራሱ ሲያከራክር የኖረ ነው። ከዓመታት በፊት መንግሥት በመላ አገሪቱ 150 ሺሕ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 60 ሺሕ ያህል የጎዳና ልጆች እንዳሉ ይገምት ነበር። በዚያው ጊዜ የዩኒሴፍ ግምት በአገር ደረጃ 600 ሺሕ፣ በመዲናዋ ከ100 ሺሕ በላይ ነበር። በአገር ደረጃ የአራት እጥፍ ልዩነት ነው። ልዩነቱን ከሚያሰፉት ነገሮች አንዱ ማን ይቆጠር የሚለው ጥያቄ ነው። ቀን ሶፍትና ማስቲካ ሲሸጥ ውሎ ማታ እናቱ ዘንድ የሚገባ ልጅ አለ። ሌሊቱን በረንዳ ላይ የሚያሳልፍ አለ። ከእናቱ ጋር በላስቲክ ቤት የተወለደና ሌላ ቤት ኖሮት የማያውቅም አለ። ሦስቱንም በአንድ ስም እንጠራቸዋለን፤ የሚያስፈልጋቸው ግን ለየቅል ነው። ለመጀመሪያው ልጅ የእናቱ የገቢ ምንጭ ቢስተካከል ይበቃው ይሆናል። ለሁለተኛው ከቤት ያስወጣው ነገር መታወቅ አለበት። ሦስተኛውን ከእናቱ ነጥሎ ማሰብ ደግሞ ጉዳት ነው። ሙዳይ የበጎ አድራጎት ማኅበርን የመሰሉ ድርጅቶች እናቶችን ከልጆቻቸው ጋር አንድ ላይ ተቀብለው፣ ልጁ ሲማር እናቲቱ የእጅ ሥራ እየሠራች ገቢ የምታገኝበትን መንገድ የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ አዲስ አበባ የሚመጡት ልጆች መንገድ የታወቀ ነው። ከወላይታ፣ ከጋሞ ደጋ፣ ከጉራጌ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ የሚነሡ ልጆች አውቶቡስ ተራ ይወርዳሉ። የመሬት ጥበትና የዝናብ መጥፋት ከኋላ ይገፋቸዋል። ለበዓል አዲስ ጫማ አድርጎ የመጣ የሰፈር ልጅ ደግሞ ከፊት ይስባቸዋል። አንዳንዱ «ሸማኔ ትሆናለህ፣ ትምህርት ቤትም ትገባለህ» ተብሎ በደላላ ወይም በዘመድ እጅ ሽሮ ሜዳ ይመጣና ከንጋት እስከ ምሽት ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ሲሸምን ይውላል። ሲመረው ይጠፋል፤ የሚጠፋው ወደ ጎዳና ነው። እናቱ ወደ ዓረብ አገር ሄዳ ከአያቱ ጋር የቀረም አለ። በእንጀራ አባት ዱላ የወጣ አለ። የሰሜኑ ጦርነት ከቀዬው ያፈናቀለውም ተጨምሯል።

ሴቶቹ ጎዳና ላይ በቁጥር ያነሱ የሚመስሉት ዓይን ስለማያያቸው ነው። ከአውቶቡስ የወረደች የገጠር ልጅ ገና ጓዟን ሳታስቀምጥ ለቤት ሠራተኝነት የሚደልላት ሰው ታገኛለች። ከዚያ ቤት ተደፍራ ወይም ደመወዟን ተከልክላ ስትወጣ ከጎዳናው ቀድሞ የሚቀበላት መጠጥ ቤት ነው። ስለዚህ የጎዳና ልጆች ሥራ ወንዶቹን ብቻ ካየ ግማሹን አላየም።

ሥራ ፈት የጎዳና ልጅ የለም ቢባል ከእውነት አይርቅም። የሊስትሮ ሣጥን ይዞ ይሮጣል፤ መርካቶ ውስጥ ይሸከማል፤ ሚዛን ዘርግቶ ኪሎ ይለካል፤ መኪና ይጠብቃል፤ ለታክሲ ተሳፋሪ ይጠራል። ከሆቴል የተራረፈውን ቡሌ በላስቲክ ገዝቶ ከጓደኞቹ ጋር ይካፈላል። ያገኘውን ብር ማታ ትልልቆቹ እንዳይቀሙት በቡድን ያድራል፤ ቡድኑም ሕግ አለው፤ የታመመውን ይጠብቃል፣ የከዳውን ይቀጣል። ማስቲሹን የሚስበው ርሃቡንና የሌሊቱን ብርድ እንዲያስረሳው ነው። ይህን ሁሉ የተወጣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በብዙ ነገር ከእኩዮቹ ይልቅ ትልቅ ሰው ነው። እንደ ሕፃን እጁን ይዘው የትም የሚወስዱት አይደለም፤ የሚቀርበው ሰው ይህን ማወቅ ይኖርበታል።

አፈሳ የማይሠራው ለዚህ ነው። ትልቅ ስብሰባ ወይም በዓል በቀረበ ቁጥር ልጆችን በመኪና ጭኖ ከመሐል ከተማ ማራቅ የየዘመኑ አስተዳደሮች የሞከሩት ዘዴ ነው። ልጆቹ ይመለሳሉ። በእግርም ቢሆን ይመለሳሉ፤ ምክንያቱም ገበያቸውም፣ ጓደኞቻቸውም፣ የሚያውቁት ደረጃና በረንዳም እዚህ ነው። ሲመለሱ ግን አንድ ነገር ጎድሏል፤ መለዮም ሆነ የድርጅት ጃኬት ለለበሰ ሰው የነበራቸው ጥቂት እምነት። ከዚያ በኋላ በቅንነት ሊረዳቸው የሚመጣውን ሁሉ ሲያዩ ይሸሻሉ። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አፈጻጸምን የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው 21ኛ አጠቃላይ አስተያየቱ የጅምላ አፈሳን የሚቃወመው፣ ልጆቹም ስለ ራሳቸው ጉዳይ እንዲደመጡ የሚጠይቀው ከዚህ መሰል ተሞክሮ ተነሥቶ ነው። አፈሳ ከተማን ለሁለት ሳምንት ያጸዳል። ልጁን አንድ እርምጃ አያራምደውም።

የሚሠራው መንገድ ዘገምተኛ ነው። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ልጆቹ የሚያድሩበትን ቦታ በሌሊት ወይም በማለዳ ደጋግማ ትጎበኛለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም አትጠይቅም፤ ስማቸውን ብቻ ትይዛለች። ልጁ አንድ ቀን ራሱ ወደ ማዕከሉ ይመጣል፤ ገላውን ይታጠባል፣ ልብሱን ያጥባል፣ ምሳ ይበላል፣ ኳስ ይጫወትና ማታ ወደ በረንዳው ይመለሳል። ማንም አይዘውም። ይህ መመላለስ ወራት ሊፈጅ ይችላል። የመጀመሪያው ስም ብዙ ጊዜ የሐሰት ስም ነው፤ የመጣበት አገርም እንዲሁ። እውነተኛውን ስም የተናገረ ዕለት ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።

ቀጥሎ ቤተሰብ ፍለጋ አለ። የገጠሩን ቀበሌ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን፣ የገበያውን ቀን እያስታወሰ ልጁ የሚሰጠውን ምልክት ይዞ ሠራተኛው ይጓዛል። እናት ልጇ ሞቷል ብላ ተስፋ ቆርጣ ልትገኝ ትችላለች። ከባዱ ነገር ግን ልቅሶና ዕልልታው ካለፈ በኋላ የሚመጣው ነው፤ ልጁን ያስወጣው ምክንያት አሁንም ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል። የእንጀራ አባቱ ዱላ ከሆነ ሽማግሌ ተቀምጦ መነጋገር አለበት። ርሃብ ከሆነ ለእናቲቱ ሁለት በግ ወይም የጉሊት መነሻ ያስፈልጋታል። ትምህርት ካቋረጠ ከታናናሾቹ ጋር አንድ ክፍል መቀመጥ ያሳፍረዋልና የሚያግዘው መምህር መገኘት አለበት። እነዚህን ሳያስተካክሉ ልጅን ደጃፍ ላይ አውርዶ መሄድ የአፈሳ ታናሽ ወንድም ነው።

በዚህ መንገድ ከሠሩት ድርጅቶች አንዱ ሬትራክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በካምፓላ «ታይገርስ ክለብ» በሚል ስም ተጀምሮ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በኢትዮጵያ ልጆችን ከቤተሰብ ጋር ሲያቀላቅል ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ሆፕ ፎር ጀስቲስ ከተባለው ድርጅት ጋር ተዋሕዷል። በአገር ልጆች የተጀመረው ፎረም ኦን ስትሪት ችልድረን ኢትዮጵያ ደግሞ ሌላ በር ከፍቷል፤ በአዲስ አበባ ፖሊስ ጣቢያዎች ውስጥ የሕፃናት ጥበቃ ክፍሎች እንዲቋቋሙ ሠርቷል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የጎዳና ልጅ ፖሊስን የሚያውቀው በዱላው ነበር። ተሰርቆብኛል፣ ተደፍሬአለሁ ብሎ ጣቢያ የሚገባበት ክፍል ማግኘቱ፣ ያጠፋም ከሆነ ከትልልቅ ወንጀለኞች ተለይቶ መያዙ ለብዙ ልጆች የዕድሜ ልክ ልዩነት አለው።

ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የዘለቀው ሆፕ ኢንተርፕራይዝስም መጠቀስ አለበት። የሚሸጠው የምግብ ኩፖን ምን ላድርግ ብሎ ለቸገረው መንገደኛ ሁሉ መፍትሔ ነበር። ሳንቲም ልስጠው ወይስ ልከልክለው ብሎ የሚያመነታ ሰው ኩፖን ገዝቶ ይሰጣል፤ ልጁም በኩፖኑ ትኩስ ምግብ ይበላል። ገንዘቡ ለማስቲሽ አይውልም፤ የሰጪውም ልብ ያርፋል። ድርጅቱ ግን በምሳ አልቆመም፤ ትምህርት ቤትና የሙያ ሥልጠና ከምግቡ ቀጥሎ አሉ። ምሳው በር ነው። በበሩ የገባው ልጅ የሚቀመጥበት ካላገኘ ነገም ከበሩ ላይ ይገኛል።

ወደ ቤት መመለስ የማይችሉም አሉ። ቤተሰቡ የሞተበትን ወይም ቤቱ ከጎዳናው የባሰበትን ልጅ መልሶ መላክ በደል ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው የአማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ ማሳደጊያ የመጨረሻ አማራጭ እንዲሆን፣ ከዚያ በፊት ዘመድ፣ የአደራ ቤተሰብና ጉዲፈቻ እንዲሞከሩ ተቀምጧል። በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ከተከለከለ ወዲህ ይህ ሸክም ሙሉ በሙሉ የኛ ሆኗል። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፤ ጨቅላ ሕፃን ለማሳደግ የሚመዘገብ ሰው አይጠፋም፤ ማስቲሽ ሲስብ የኖረ የአሥራ አራት ዓመት ወንድ ልጅ ቤቴ ይግባ የሚል ግን ከስንት አንድ ነው። ለእነዚህ ልጆች ሦስትና አራት ሆነው በሰፈር ውስጥ በተከራየ ቤት ከአንድ ተንከባካቢ ጋር የሚኖሩበት ዘዴ ከትልቅ ግቢ ይሻላል። ገበያ ይሄዳሉ፣ ወጥ ይሠራሉ፣ ከጎረቤት ጋር ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። በአጥር ተከልሎ ያደገ ልጅ በ18 ዓመቱ ሲወጣ የቤት ኪራይ መደራደር እንኳ አያውቅም።

የሰላም የሕፃናት መንደር ታሪክ ግን ማሳደጊያም በልብ ከተሠራ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያሳያል። ያቋቋሙት ወይዘሮ ጸሐይ ሮሽሊ ራሳቸው ወላጅ አልባ ሆነው በስዊስ ቤተሰብ በጉዲፈቻ ያደጉ ኢትዮጵያዊት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1986 አዲስ አበባ ላይ መንደሩን ሲጀምሩ ልጆቹን ማሳደጉ ብቻ እንደማይበቃ አውቀው ነበርና የቴክኒክና የሙያ ማሠልጠኛውን ከጎኑ አቆሙ። ብረታ ብረት፣ እንጨት፣ የምግብ ዝግጅት የተማረው ወጣት ከመንደሩ ሲወጣ የሚይዘው ሙያ አለው።

ሙያ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ብየዳና ልብስ ስፌት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አዲስ አበባ ውስጥ የሆነው ግን ይህን አሳብ ሰፋ ያደርገዋል። መንታ ለወለዱ ድሃ እናቶች ድጋፍ ይሰጥ የነበረው ጀሚናይ ትረስት እንግሊዛዊውን የዳንስ አሠልጣኝ ሮይስተን ማልዱምን ጋበዘ። ማልዱም 100 ያህል የጎዳናና የድሃ ቤተሰብ ልጆችን ሰብስቦ «ካርሚና ቡራና»ን በዳንስ አዘጋጀ። ተመልካቹ መንገድ ላይ ሲገፈትራቸው የኖሩትን ልጆች መድረክ ላይ አያቸው፤ ቀጥ ብለው፣ ተራቸውን ጠብቀው፣ አንዱ ሌላውን ተሸክሞ።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ኖሮ አንድ ጥሩ ምሽት ሆኖ ይረሳ ነበር። የተለየው ቀጣዩ ነው። ከልጆቹ መካከል የተመረጡት ለአምስት ዓመት በየቀኑ ሠለጠኑ፤ አዱኛ የዳንስ ቲያትር ተባሉ። ዳንስ ብቻ አልተማሩም፤ ማስተማርን ተማሩ። ከፖሊሶች፣ ከጎዳና ልጆችና ከአካል ጉዳተኞች ጋር እየሠሩ ጥበቡን መልሰው ለከተማዋ ሰጡ። ከእነሱ አንዱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 የሮሌክስ የጥበብ ፕሮግራም መርጦት ከጃፓናዊው ሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር የመሥራት ዕድል አገኘ። ከጓደኛው ከአዲሱ ደምሴ ጋር ደግሞ ዴስቲኖ የተባለውን የዳንስ ቡድን መሥርተው አካል ጉዳት ያለባቸውንና የሌለባቸውን ዳንሰኞች አንድ መድረክ ላይ አቆሙ፤ ሥራቸውም ለንደን ድረስ ተጉዟል።

ሁሉም ልጅ ዳንሰኛ ይሁን ማለት አይደለም። ትምህርቱ ያለው በአምስት ዓመቱ ውስጥ ነው። አሠልጣኙ ያልተሰላቸበት፣ ያረፈደ ልጅ ነገም ና የተባለበት፣ ያጠፋ ልጅ ያልተባረረበት አምስት ዓመት። ልጁን የለወጠው ሳይሄድ የቆየው ትልቅ ሰው ነው። በየድርጅቱ ከጎዳና ወጥተው ዛሬ መካኒክ፣ ነርስ፣ ሹፌር የሆኑ ሰዎች ሲጠየቁ የፕሮጀክቱን ስም ብዙዎቹ አያስታውሱትም፤ የአንድ ሞግዚት፣ የአንድ አሠልጣኝ፣ የአንድ መምህርት ስም ግን ቶሎ ይመጣላቸዋል።

ድምፃዊ ስለሺ ደምሴ «ጋሽ አበራ ሞላ» ተብለው አዲስ አበባን ለማጽዳት በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሲነሡም ያዩት ተመሳሳይ ነገር ነው። ከየሰፈሩ ቆሻሻ መጣያ አጠገብ የሚውሉትን ወጣቶች እንደ ሸክም አላዩዋቸውም። አካፋ ሰጧቸው፣ ችግኝ ሰጧቸው፣ ቦታውን «የእናንተ ነው» አሏቸው። ቆሻሻው ተነሥቶ አበባ የበቀለበት ማዕዘን በየሰፈሩ ታየ። የሰፈሩ ሰው ትናንት ዱርዬ ያለውን ልጅ በስሙ መጥራት ጀመረ። ያ ዘመን በብዙዎች ዘንድ የሚታወሰው በጽዳቱ ነው፤ ትልቁ ሥራው ግን ወጣቱ በገዛ ሰፈሩ ሰው መሆኑ ነበር።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ከ2001 እስከ 2011 ዓ.ም. የሠራው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር። አስተዳደራዊ ወጪም ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ደነገገ፤ በአዋጁ ማስፈጸሚያ መመሪያ መሠረት ደግሞ ክትትልንና ጉዞን የመሳሰሉ ወጪዎች በዚሁ በአስተዳደር ሥር ይገቡ ነበር። ልጁ ወደ ቤቱ ከተመለሰ ከስድስት ወር በኋላ ወላይታ፣ ቦዲቲ ድረስ ሄዶ እንዴት ነህ የሚለው ሠራተኛ የአውቶቡስ ቲኬት በሕግ ዓይን ብክነት ሆነ ማለት ነው። ብርድ ልብስ ማደል ግን «ፕሮግራም» ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይህ ተሻሽሏል፤ የመብት ሥራ ተፈቅዷል፣ የአስተዳደር ወጪ ትርጉምም ጠቧል። በጎ ለውጥ ነው። በለጋሹ ሕዝብ አእምሮ ውስጥ ያለው አሮጌ አዋጅ ግን ገና አልተሻረም። «ብሬ ለደመወዝ እንዳይውል» የሚለው ሰጪ ብዙ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ደመወዙ ራሱ እርዳታው ነው። ሌሊት የምትወጣው ማኅበራዊ ሠራተኛ ከለቀቀች ልጁ እውነተኛ ስሙን የነገራት ሰው ሄደች ማለት ነው፤ ለተተኪዋ ከሐሰተኛው ስም ይጀምራል።

በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታቆም በአገራችን ብዙ የማኅበራዊ አገልግሎት ፕሮጀክቶች በቀናት ውስጥ ተዘግተዋል። በአንድ የውጭ ለጋሽ ላይ የተንጠለጠለ የልጅ ሕይወት ምን ያህል ቀጭን ክር ላይ እንዳለ ታየ። የአገር ውስጥ አቅም የለም እንዳይባል አለ። ኤችአይቪ ብዙ ወላጆችን በነጠቀበት ዘመን በአዲስ አበባ በርካታ ዕድሮች ከቀብር አልፈው የሟች አባሎቻቸውን ልጆች መደገፍ ጀምረው ነበር፤ ወርኃዊ መዋጮ፣ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ የታመነ መዝገብ ሁሉ ነበራቸው። በዋሺንግተንና በዱባይ ያለው ወገን ለአንድ ዘመቻ በአንድ ሌሊት ብዙ ገንዘብ ሲያሰባስብ በተደጋጋሚ ታይቷል። የጎደለው ገንዘቡ ሳይሆን ሳይቋረጥ መቀጠሉ ነው። ለፋሲካ በግ አርዶ አንድ ሺሕ ልጅ ማብላት ያስደስታል፤ ለአንድ ልጅ ክትትል በየወሩ ለሦስት ዓመት መክፈል ግን በዚያ ልጅ ሕይወት ውስጥ ቦታ አለው። ሁለቱም ይሁኑ ቢባል የሚጠላ የለም። አንዱ ብቻ ከሆነ ግን ምርጫው ግልጽ ነው።

ካሜራውም ይታሰብበት። በቲክቶክና በዩቲዩብ የጎዳና ልጅን ፊት ከቅርብ እያሳዩ፣ ስሙንና እናቱ ምን እንደሆነች እያስለፈለፉ ገንዘብ ማሰባሰብ እየተለመደ መጥቷል። ያ ቪዲዮ አይጠፋም። ልጁ ትምህርት ቤት በገባ ማግሥት የክፍል ጓደኞቹ ያገኙታል። ወደ መንደሩ ሲመለስ ቀድሞት ይደርሳል። ሕፃን ልጅ ለአንድ ሙዝና ለአንድ ጁስ ሲል የሰጠው ፈቃድ ፈቃድ አይባልም። የልጁን ፊት ሳያሳይ ሥራውን ማሳየት የሚችል ድርጅት አለ፤ የሚደገፈውም እሱ መሆን አለበት።

ከሁሉ ርካሹ እርዳታ ልጁ ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት የሚደርሰው ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋፋው የምገባ ፕሮግራም የጎዳና ልጆች ፕሮጀክት ተብሎ አይጠራም፤ ነገር ግን ቁርስና ምሳ ያለበት ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ልጅ ምሳውን ፍለጋ ታክሲ ተራ አይቆምም። ዩኒፎርምና ደብተር ሲጨመርበት ደግሞ እናቲቱ ልጇን ለሥራ የምትልክበት ምክንያት ይቀንሳል። ይህ ነገር ቦዲቲ፣ ጨንቻና ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉ የገጠር ትምህርት ቤቶች እንደ አዲስ አበባው ቢስፋፋ አውቶቡስ ተራ የሚወርዱት ልጆች ቁጥር ላይ የሚታይ ለውጥ ያመጣል ብሎ መከራከር ይቻላል። መንገዱ የሚጀምረው እዚያ ነውና።

በመጨረሻ፣ በትልልቅ ዕቅዶች ውስጥ የማይታይ አንድ ጉዳይ አለ፤ መታወቂያ። ከጎዳና ወጥቶ፣ ሙያ ተምሮ፣ 18 ዓመት የሞላው ወጣት ቀበሌ ሲሄድ የመጣህበትን መሸኛ አምጣ ይባላል። መሸኛ የሚሰጠው ቀበሌ ልጁ በስምንት ዓመቱ የሸሸው ነው፤ ስሙን የሚያስታውስ ላይኖር ይችላል። መታወቂያ ከሌለ ደመወዝ የሚገባበት የባንክ ደብተር የለም፤ መንጃ ፈቃድ የለም፤ ዋስ ሆኖ የሚያስቀጥር የለም። ዓመታት የፈጀው ድካም በአንድ መስኮት ላይ ይቆማል። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ አሠራር ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር እንዲመዘገብ ስለሚፈቅድ፣ ልጆቹን ያሳደጉት ድርጅቶችና የወረዳ የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤቶች ለወጣቶቹ ምስክር ሆነው መቆም ይችላሉ። ይህ አዲስ ሕግ አይጠይቅም፤ ተጨማሪ በጀትም አይጠይቅም። ልጆቹ አሥራ ስምንት ከመሙላታቸው በፊት የስም ዝርዝራቸው ከየማዕከሉ ወጥቶ ወደ ምዝገባ ጣቢያው እንዲላክ የሚያዝ አንድ ደብዳቤ፣ የሚከታተለውም አንድ ሰው ይበቃዋል።